ድልድይ የተሻገረችው ጉማሬ

የምነግራችሁ የአንድ ሰኞ ጠዋት ነገር ነው፤ ግን ከቅዳሜ ካልጀመርኩ ሰኞው አይገባችሁም።

ያኔ ባሕር ዳር፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ፈትል ክፍል ነበር የምሠራው። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ፣ አፌ ፈጣን፣ ሆዴ ግን ፈሪ የሆነ ሴት ነበርኩ። ባለቤቴ ፋንታሁን እዚያው ባሕር ዳር አጠገብ፣ የሰባታሚት ልጅ ነው፤ እዚያው ፋብሪካ መካኒክ ነበር። በተጋባን በዓመቱ ብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄደ። ሲሄድ እርጉዝ ነበርኩ። ልጃችን ሕሊና ስትወለድ እሱ ማሠልጠኛ ነው፤ ተንፏቃ መዳህ ስትጀምርም አላያትም። አንድ ሾፌር በቃል ያደረሰልኝ መልእክት ብቻ ነበረኝ፦ "ወደ ሰሜን መሄዳችን አይቀርም። የምናልፈው በባሕር ዳር ነው። መንገዱን እይ በላት።" እኔም መንገዱን አይ ነበር። ከደጅ ኦራል መኪና ባጉረመረመ ቁጥር ልጄን አንጠልጥዬ ወደ አስፋልቱ እወጣለሁ። መኪናው እህል ወይም ሲሚንቶ ጭኖ ያልፋል፤ እኔም እመለሳለሁ።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ልጄን ለማንም አላሳቅፍም ነበር። ጉንፋን ያሲዟታል፣ ዓይን ይወጋታል፣ ይጥሏታል፤ ምክንያት አጥቼ አላውቅም። ፋብሪካው የሕፃናት ማቆያ ስለነበረው በሥራ ሰዓት ግድ ሆኖብኝ እዚያ ትውላለች እንጂ፣ እረፍት በተደወለ ቁጥር እየሮጥኩ ሄጄ እቆጥራት ነበር። አንድ ልጅ ምን ይቆጠራል እንዳትሉኝ። ባሏ የሄደባት ሴት አንዱንም ቢሆን ትቆጥራለች።

የምኖረው እማሆይ ወለተ ሥላሴ ግቢ ተከራይቼ ነው። ባለቤታቸው መሪጌታ በአንዲት የጣና ደሴት ሲያገለግሉ ኖረው ሞቱ፤ እሳቸውም ቆብ ጭነው፣ ጓሯቸው ሐይቁን በሚነካ ትንሽ ግቢ ውስጥ በጾምና በጨዋታ ይኖሩ ነበር። ጨዋታ ያልኩት አውቄ ነው። ከጾሙ የሚተርፋቸውን ጉልበት በሙሉ በእኔ ላይ በመሳቅ ይጨርሱት ነበር።

ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ የማቆያው ኃላፊ እናቶችን ሰበሰበችን። "ሰኞ ጠዋት እንግዶች ይመጣሉ። ልጆቹ እንስሳ እንስሳ መስለው ይሰለፋሉ። ልብሱን የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ" አለች። ዕጣ ወጣ። አንበሳው ለክፍል ኃላፊው ልጅ እንዴት አድርጎ እንደደረሰ እግዜር ይወቀው፤ ለእኔ ጉማሬ ደረሰኝ። እንከን ያለበት ሁለት ቁራጭ ግራጫ ፍላኔላ ጨርቅና እፍኝ ጥጥ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። ልጄን ጡት አጥብቼ አስተኛሁና መርፌዬን አውጥቼ ክር ማስገባት ስጀምር እማሆይ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ምን ልትሠሪ ነው?"

"ለሕሊና ልብስ ልሰፋ ነው፣ እማሆይ።"

"በሰንበት? በእኔ ግቢ?"

"ሰኞ ጠዋት ይፈለጋል። ባዶ እጄን ብሄድ ስብሰባ ላይ ነው የሚያነሱኝ።"

"ያንሱሽ! እነሱ ቢያነሱሽ መልሰው ያስቀምጡሻል። ሰንበትን ሽሬ ብገኝ እኔን ማን ያስቀምጠኛል?"

ከእሳቸው ጋር ክርክር አይሞከርም። መርፌዬን ሰካሁና ተኛሁ። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ግን ፊታቸው ፈክቷል፤ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ እኔ መጡ።

"ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ። መርፌ አይያዝም። መቀስም አይነሳም። መቋጠር ግን ሥራ አይደለም።"

"እንዴት ሆኖ?"

"የሰፋሽው ተሰፍቶ ይቀራል፤ የቋጠርሽው ግን ይፈታል። የሚፈታ ነገር ሥራ አይባልም። መሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሰንበት መጽሐፋቸውን በጨርቅ ቋጥረው አይደለም ወይ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ የነበር? እሳቸው መጽሐፍ ከቋጠሩ አንቺ ጉማሬ ብትቋጥሪ ምን ይልሻል?"

ይኸው ነው። መርፌ ያልነካው ልብስ የተጀመረው በዚህ ፍርድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጓሮው ላይ ሰሌን አነጠፍን። ፀሐይዋ ለስላሳ ነበረች፤ ሐይቁም ዝም ብሎ ተኝቷል። ደንገሉ መሀል አንዳንድ ወፍ ብቻ ይንጫጫል። አንዱን ጨርቅ ሳልቆርጥ ዘረጋሁት። ሁለቱን ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው ጥጥ አጉርሼ በፈትል ክር አሰርኳቸው፤ ጆሮ ሆኑ። እማሆይ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"አህያ አደረግሻት እኮ! ጉማሬ አይተሽ አታውቂም? እኔ በታንኳ ስመላለስ ያደግሁ ነኝ። ጆሮው ይህችን ታህላለች" ብለው የትንሽ ጣታቸውን ጫፍ አሳዩኝ። ፈትቼ አሳንሼ አሰርኩት። ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሁለት ጊዜ አሰርኩት፤ እሳቸውም "አየሽ፣ ብትሰፊው ይህን ጊዜ ታለቅሺ ነበር" አሉ።

የጨርቁን ቀሪ ወገን በሕሊና ራስ ላይ አጥልቄ ከአገጯ ሥር ቋጠርኩት። ሁለተኛውን ጨርቅ በብብቷ ሥር አሳልፌ ትከሻዎቿ ላይ አሰርኩ። ከወገቧ በታች የጨርቁን ጫፍ ጠምዝዤ አንድ ጊዜ ብቋጥረው አጭር ጅራት ሆነ። አፍንጫው አስቸገረን። በመጨረሻ ፋንታሁን ትቶት ከሄደው ልብስ አንድ ግራጫ የሱፍ ካልሲ አወጣሁ፤ ጥጥ ሞላሁበትና ግንባሯ ላይ እንዲጋደም አድርጌ ከኋላ አሰርኩት። እማሆይ በከሰል ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ሣሉበት።

ሕሊና መጀመሪያ ጆሮዋን ለመንቀል ታገለች። ከዚያ ረሳችውና ወደ ውኃው በኩል መዳህ ጀመረች። ግራጫ ውኃ፣ ግራጫ ጨርቅ። የውኃው ዳር ላይ ቁጭ ብላ ዞር ስትል፣ እውነት እላችኋለሁ፣ ከእኔ ሳይሆን ከሐይቁ የወጣች መሰለችኝ። በደንገል ታንኳ የሚያልፍ አንድ ሰው መቅዘፉን አቁሞ ትክ ብሎ ሲያያት ቆየ፤ ከዚያ ሳቁ በውኃው ላይ እየተንሸራተተ መጣ።

"እስቲ ልቀፋት" አሉ እማሆይ።

"ቆይ፣ ቋጠሮው እንዳይፈታ" አልኩ።

"የእኔ እቅፍ ቋጠሮ ይፈታል እንዴ? አይ አንቺ!" አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ግን እንደ ሁልጊዜው አልነበረም።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ጭጋግ ለብሶ ነበር። ልጄን አለበስኳት። ጉንጮቿንና አገጯን በከሰል አጥቁሬ ትልቅ አፍ ሠራሁላትና ወጣሁ። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ሰው ወደ ዓባይ ድልድይ ይሮጣል። አንዲት ዳቦ ሻጭ ቅርጫቷን በራሷ ላይ እንደተሸከመች "ዘማቾች መጥተዋል! ሌሊቱን ከደቡብ በኩል ገብተው ድልድዩ ጋ ቆመዋል" አለችኝ።

ማቆያው በግራ፣ ድልድዩ በቀኝ ነው። እንግዶቹን፣ ስብሰባውን፣ ሁሉንም ረሳኋቸው። ወደ ቀኝ ሮጥኩ።

ኦራሎቹ ከመንገዱ ዳር አንዱ ከአንዱ ኋላ ቆመው ጭጋጉ ውስጥ ይጠፋሉ። በላያቸው ወታደሮች ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። የከተማው ሰው ከሩቅ ዳቦ፣ ሎሚ፣ ሲጋራ ይወረውርላቸዋል። ድልድዩ ከባድ መኪና አንድ በአንድ እንጂ አያሳልፍም ተብሎ ተራ እየጠበቁ ነበር። ከሰዉና ከመኪኖቹ መካከል ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱ ጋ አንድ ሪዛም ሃምሳ አለቃ ቆሟል።

"ወዴት ነው? ቁሚ!"

"ባለቤቴ ከእነዚህ ውስጥ ነው።"

"የስንቷ ባለቤት ከእነዚህ ውስጥ ነው። ተመለሽ።"

"ፋንታሁን ይባላል። የሰባታሚት ልጅ ነው። ልጁን አላያትም።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኅቴ፣ ሰው እንዳይጠጋ፣ ወታደርም እንዳይወርድ ጥብቅ ትእዛዝ አለብኝ። ምን ላድርግሽ?"

ከቅርቡ መኪና ላይ አንዱ ወታደር ሰምቶን ኖሮ "ፋንታሁን መካኒኩ?" ብሎ ጮኸ።

"አዎ! መካኒኩ!"

ስሙ ከመኪና ወደ መኪና ተጓዘ። "ፋንታሁን መካኒኩ አለ ወይ?" ይላል አንዱ፤ "ፋንታሁን አለ ወይ?" ይላል ቀጣዩ፤ ድምፁ እየቀጠነ ጭጋጉ ውስጥ ገባ።  ቆይቶ መልሱ በዚያው መንገድ ተመለሰ። "አለ! ድልድዩ አፍ ላይ ነው፣ ከፊት ሦስተኛው!"

አለ። በሕይወት አለ፤ ጮክ ብል የሚሰማኝ ቦታ ላይ አለ። ገመዱን በእጄ ጨብጬ ያዝኩ። ሃምሳ አለቃው እጄን ከገመዱ ላይ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ከሕሊና ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች፣ የካልሲ አፍንጫ፣ ጥቁር አገጭ።

"ይህች ደግሞ ምንድን ናት?"

"ጉማሬ ናት" አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

መጀመሪያ ሪዙ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ትከሻው። ዞር ብሎ ግራ ቀኙን አየና ጎሮሮውን ጠረገ። "እኔ የታዘዝሁት ሰው እንዳይገባ ነው። ስለ ጉማሬ የሰማሁት ነገር የለም" አለና ሁለት እጁን ዘረጋ። "አምጫት።"

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ቁሙ። ለእማሆይ፣ እንደ እናት ለሚሆኑኝ ሴት እንኳ ያላሳቀፍኳት ልጅ ናት። የማላውቀው ሰው፣ ጠመንጃ የያዘ፣ ከአፍታ በኋላ ወደማላውቀው ቦታ የሚሄድ፣ እጁን ዘርግቶ "አምጫት" ይለኛል። ክንዴ እምቢ አለኝ። በእውነት፣ እኔ ልስጣት ብዬ ወስኜ ክንዴ አልታዘዝ አለ። "ቶሎ በይ፣ ተራቸው ደርሷል" አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና ሰጠሁት።

እሱ ወደ ቅርቡ መኪና አነሳት። "ተቀበል! ጉማሬ መጣልህ! የፋንታሁን ናት!" ከላይ ብዙ እጆች ወረዱ። አንዱ ተቀብሎ አያትና ሳቀ፤ ሳማትና ለቀጣዩ ሰጣት። ከአንዱ መኪና ጫፍ ጎንበስ ብለው መሬት ላይ ለቆመ ጠባቂ ያቀብላሉ፤ እሱ ለሚቀጥለው መኪና ያወጣል። እሷን ማየት ሲያቅተኝ ሳቁን ማየት ጀመርኩ፤ ሳቅ ይታያል ወይ ካላችሁ ያን ቀን ይታይ ነበር። የደረሰችበት መኪና ይናወጣል፣ ያለፈችው ጸጥ ይላል። ጸጥ ባለው መኪና ላይ ያሉት ወጣቶች ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወዲያ ይመለከታሉ። አንዱ ዓይኑን በቆቡ ይጠርግ ነበር። ሳቁ ራቀ፣ ራቀ፤ ከዚያ ጭጋጉ ዋጠው።

ምንም አይሰማም። ከድልድዩ ሥር፣ ከዓባይ፣ እውነተኛው ጉማሬ አንድ ጊዜ ተነፈሰ።

ያኔ ነው ሞተሩ የተነሳው።

"ምንድን ነው?" አልኩ።

ሃምሳ አለቃው ፊቱ አመድ መሰለ። "ተራቸው ደርሶ ነው... ሦስተኛው..." አለና ቃሉን ሳይጨርስ ሮጠ። እኔም በገመዱ ሥር ሾልኬ ሮጥኩ፤ ተይ ያለኝ የለም። በመኪኖቹ ጥግ፣ ወታደሮቹ ከላይ "ወዲያ ነች! ወዲያ ነች!" እያሉኝ ድልድዩ አፍ ደረስኩ። ሦስተኛው መኪና ድልድዩን አጋምሷል። ሸራው ብቻ ነው የሚታየኝ። ሁለት ጠባቂዎች ያዙኝ። ጮኽኩ፤ ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላውቅም። ከታች የሚሄደው ውኃ ድምፅ ሁሉን ይሸፍነው ነበር።

መኪናው ወደ ዓባይ ማዶ ተሻገረና ፍጥነቱን ሳይጨምር ሄደ። ከሸራው ኋላ እጆች ሲውለበለቡ አየሁ። ብዙ እጆች ነበሩ። አንዱ የእሱ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ከዚያ ድልድዩ ባዶ ሆነ። ከወንዙ የሚነሳው ነጭ ነገር በአጥሩ ብረት መካከል እየሾለከ ይገባል። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ሕልም ውስጥ ሰዓት የለም። በመጨረሻ ከማዶ በኩል አንድ ጥላ በእግሩ መጣ። ጠመንጃው በአንድ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል፤ በሌላው ትከሻው ላይ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ብቅ ብለዋል።

የማዶ ጠባቂ ነበር። ጢም ገና ያላበቀለ ልጅ። ልጄን ከትከሻው አውርዶ ሰጠኝ። "አንዱ ወታደር ከመኪናው ጫፍ ተንጠልጥሎ ነው የሰጠኝ። እየሳቀ ያለቅሳል። 'እናቷን ንገራት' አለኝ።"

"ምን ብለህ ንገራት አለህ?"

"ሞተሩ... ሞተሩ ጮኸና አልሰማሁትም፣ እኅቴ።"

ልጄን አየኋት። አላለቀሰችም። ከአገጯና ከጉንጮቿ ላይ ከሰሉ በሙሉ ተጠርጓል። ያ ሁሉ ጥቁር የት እንደሄደ ወዲያው ገባኝ። ፊቱን ፊቷ ላይ አድርጎ ነበር። ባለቤቴ ያን ቀን የጎንደርን መንገድ የያዘው የልጁን የከሰል አፍ ፊቱ ላይ ይዞ ነው። በትንሿ ጡጫዋ ውስጥ ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ ጋሌጣ፣ ይዛለች፤ ከአንድ ጎኑ በትልቅ ጥርስ ተነክሷል። አንገቷን አሸተትኩት። የመኪና ዘይትና ትምባሆ ይሸታል። እዚያው ድልድዩ አፍ ላይ ተቀመጥኩና የያዝኩትን እንባ ሁሉ ለቀቅኩት፤ ሃምሳ አለቃውም ከኔ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ሪዙን እየጎተተ ቆመ።

ማቆያው ስደርስ ሰልፉ አልቋል። ኃላፊዋ ልትቆጣኝ መጣችና ፊቴን ስታይ ወንበር ሳበችልኝ። ማታ ግቢ ስገባ ለእማሆይ ሁሉንም ነገርኳቸው።  እኔም ልጄን ከጀርባዬ አወረድኩና ሳይጠይቁኝ እቅፋቸው ላይ አስቀመጥኳት። እሳቸውም በነጠላቸው ሸፈኗትና "አየሽ፣ ቋጠሮው አልተፈታም" አሉኝ።

ፋንታሁን አልተመለሰም። በዓመቱ መርዶው መጣ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። እኔ አስታውሰዋለሁ፤ ያን ጠዋት ግን አላየሁትም። እሷ አየችው፤ አታስታውሰውም። ብዙ ጊዜ በዚህ ተናድጃለሁ፤ እግዜርን ራሱን ተጣልቼዋለሁ። "ንገራት" ያለውንም ነገር በልቤ ሺህ ጊዜ ሞልቼዋለሁ፤ እንደ ቀኑ ይለያያል። ግን እናንተ የምታነቡኝ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን ጠዋት ልጄን ክንዴ ውስጥ ቆልፌ ብቀር ኖሮ፣ ደኅና ሆና፣ ከሰሏም ሳይጠፋ፣ ሰልፉ ላይ ትደርስ ነበር። አባቷም ልጁን ሳያይ ይሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጄን ለሰው ማሳቀፍ አልፈራሁም። የማላውቀው ሰው እጅ ሁሉ ምናልባት እሷን ለአባቷ ያቀበለው እጅ ሊሆን ይችላል።

ከዓመታት በኋላ ጦሩ ፈረሰ። ወታደሮቹ መሣሪያቸውን ጥለው፣ እግራቸው ቆስሎ፣ በየመንገዱ ወደየአገራቸው ይጎርፉ ጀመር። ብዙ ሰው ፈርቶ በሩን ዘጋ። እማሆይና እኔ ክፍት አደረግነው። ያለንን እናበላለን፣ ውኃ እንሰጣለን። ሕሊና ያኔ ፊደል ቆጥራለች፤ እንግዳ ሲመጣ ቀሚሴ ሥር ትደበቃለች። "ማነው?" ትለኛለች። "ትንሽ ሆነሽ ካቀፉሽ ወታደሮች አንዱ ነው" እላታለሁ። ለሁሉም እንዲሁ እላለሁ። እነሱ በድካም ብዛት አይሰሙኝም፤ በልተው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽበት የጀመረው ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዳቦ እየበላ ነበር። ልጄ እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ፣ እኔም እንደ ልማዴ መለስኩ። ሰውየው ዳቦውን አፉ ሳያደርስ አቆመ። እኔን አየኝ። ከዚያ እሷን ለረጅም ጊዜ አያት።

"አዎ" አላት። "ያኔ ትንሽ ነበርሽ።"

እውነቱን ይሁን፣ አዝኖልኝ ይሁን፣ ስለ ዳቦው ይሁን አልጠየቅኩትም። ሕሊና ከቀሚሴ ሥር ወጥታ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።